የስኩተሬ ዋጋ ስንት ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ስገዛት ዋጋዋን በደንብ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓመት ከነዳኋት በኋላ ግን ሒሳቡን እንደገና መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ቤታችን ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች ውስጥ ነው። ወደ 36,000 ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሁለት ትልልቅ ሀይዌዮች፣ ማለትም አይ 35 ኢ እና ኤልቢጄ የምንለው 635፣ እዚህ ይገናኛሉ። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሉን። ለብዙ ጊዜ በአንድ መኪና ኖረናል። በ2024 መጨረሻ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ተቀየረ። በዚያው ሰሞን የእኔ አለቆች “በሳምንት አራት ቀን ዳላስ መሐል ከተማ ቢሮ ኑ” አሉን። መኪናችን አንድ፣ መሄጃችን ግን ሁለት ሆነ።

አንድ ቀን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለን ሁለተኛ መኪና ስንት እንደሚያስወጣን አሰላን። ያየናት ያገለገለች መኪና 14,000 ዶላር ትላለች። በብድር ስትወሰድ በወር 290 ዶላር ነው። ኢንሹራንስ 130፣ ቤንዚንና ጥገና 80 ብንል በወር 500፣ በዓመት 6,000 ዶላር መሆኑ ነው። ይህ ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት የምናስቀምጠውና አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የምንልከው ነበር።

“ስኩተር ብገዛስ?” አልኳት።

ባለቤቴ መልስ ሳትሰጠኝ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

የስኩተሩ ሐሳብ እንዲሁ የመጣልኝ አልነበረም። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ታይዋን፣ ታይፔ ከተማ ነው። ታይዋን 23 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት፣ ስኩተርና ሞተር ሳይክሎቿ 14 ሚሊዮን ያህል ናቸው። አያት የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በስኩተር ነው። ጎጎሮ የሚባል የአገሩ ድርጅት ከ2015 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ስኩተር ይሸጣል። ነጂው ባትሪው ሲያልቅበት መንገድ ዳር ካለው ማሽን የተሞላ ባትሪ በሰከንዶች ውስጥ ቀይሮ ይሄዳል። እኔም ተማሪ ሳለሁ አሮጌ የቤንዚን ስኩተር ነበረችኝ። ሁለት ዓመት ስነዳ አንድም ቀን አልወደቅሁም። ስለዚህ “እኔ እችልበታለሁ” የሚል ኩራት ነበረብኝ።

ባለቤቴ ሆስፒታል ስለምትሠራ የምታየው ሌላ ነው። “ሞተር የነዱ ሰዎች እኛ ጋ እንዴት ሆነው እንደሚመጡ አንተ አታይም” አለችኝ። ልክ ናት። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሚያወጣው መረጃ መሠረት፣ ለተነዳው ማይል ሲሰላ፣ በሞተር ሳይክል አደጋ የመሞት ዕድል በመኪና ውስጥ ካለ ሰው ከ20 እጥፍ በላይ ነው።

እናቴን ደግሞ በቪዲዮ ስልክ ስናወራ ነገርኳት። “አንተም እንደ ወንድምህ?” አለች። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ከዚያም “ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ” አለችኝ።

እዚህ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ አንባቢዎች ይህን ተረት ላስረዳ። ቆጥ ማለት በገጠር ቤት ውስጥ ዕቃ የሚሰቀልበት፣ ዶሮም የሚያድርበት ከፍ ያለ ቦታ ነው። አንዲት ሴት በብብቷ ዕቃ ይዛለች። ቆጥ ላይ ያለውን ለማውረድ እጇን ስትዘረጋ በብብቷ የያዘችው ወደቀ። ተጨማሪ ነገር ሲፈልግ በእጁ ያለውን ላጣ ሰው የሚነገር ነው። እናቴ “ገንዘብ አተርፋለሁ ብለህ ራስህን እንዳታጣ” ማለቷ ነበር።

እኔ ግን መሐንዲስ ነኝና ነገሩን በሒሳብና በሕግ ልመልሰው ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ሕጉን አነበብኩ። “የኤሌክትሪክ ስኩተር” በሚል ስም የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ በእግር መግፋት የሚቻለው፣ መቆሚያ ሰሌዳ ያለው ትንሹ ስኩተር ታርጋ አይሰጠውም። የሚነዳውም የፍጥነት ገደባቸው በሰዓት ከ35 ማይል በማይበልጥ መንገዶች ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓይነት መቀመጫ ያለው፣ በሜዳ ላይ ከ30 ማይል በላይ የማይሮጠው ነው። ሕጉ ይህን ሞፔድ ይለዋል። ሞፔድ እንደ መኪና ይመዘገባል፤ ታርጋና ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል፤ ነጂውም ክላስ ኤም የተባለውን የሞተር መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። ከዚያ በላይ የሚሮጠው በሕግ ሞተር ሳይክል ነው። የቢኤምደብልዩ ሲኢ 04 የተባለው የኤሌክትሪክ ስኩተር ለምሳሌ 75 ማይል ይሮጣል፤ ሀይዌይም ላይ ይወጣል። ዋጋው ግን በ2022 ለገበያ ሲቀርብ ወደ 12,000 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋማ መኪናውን ብገዛ ይሻለኛል።

እኔ ሞፔዱን መረጥኩ። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ 1,400 ዶላር የሚል አየሁና ልገዛ ደረስኩ። ማስታወቂያው “ለመንገድ የተፈቀደ” ይላል። ሻጩን ወረቀቱን ጠየቅሁት። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻሲ መለያ የለውም፤ ከፋብሪካው የሚሰጠው የትውልድ ምስክር ወረቀትም የለውም። ያለ እነዚህ፣ በአገራችን ሊብሬ የምንለው የባለቤትነት ወረቀት አይገኝም። ሊብሬ ከሌለ ታርጋ የለም፤ ታርጋ ከሌለ ደግሞ ስኩተሩ ጋራዥ ውስጥ የሚቆም ጌጥ ነው። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮና ክላክስ ስላለው ብቻ ለመንገድ ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ወረቀቷ የተሟላላት 2,900 ዶላር ነበረች። ለባለቤቴም “በስድስት ወር የመኪና ወጪ ስኩተር!” አልኳት። አሁን እውነተኛውን ሒሳብ ልንገራችሁ። ማጓጓዣና መገጣጠሚያ 350 ዶላር። ታክስ፣ 6.25 በመቶ፣ 181። ሊብሬና ታርጋ ከካውንቲው ክፍያ ጋር ወደ 85። ለመንጃ ፈቃዱ ግዴታ የሆነው ኮርስ 250። ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ጓንትና ጫማ 480። ጠንካራ ሰንሰለት ከነቁልፉ 110። የዓመት ኢንሹራንስ 240። ሲደመር 4,596 ዶላር! ማስታወቂያው ላይ ካለው ዋጋ በ1,700 ዶላር ገደማ ይበልጣል።

ቴክሳስ ከ21 ዓመት በላይ የሆነና ኮርሱን የወሰደ ሰው ያለ ሄልሜት እንዲነዳ ትፈቅዳለች። ባለቤቴ ግን አትፈቅድም። በእኛ ቤት የሚሠራው የእሷ ሕግ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ጥምጥም የካህናት የራስ ልብስ ነው፤ ተረቱ “ልብሱን ከመልበስህ በፊት ትምህርቱን ጨርስ” ማለት ነው። ኮርሱን የጀመርኩት “ታይዋን ነድቻለሁ” እያልኩ ነበር። አስተማሪው ድንገት ፍሬን እንድይዝ ሲያዝዘኝ ከመስመሬ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አለመውደቄ ጎበዝ መሆኔን አያሳይም ነበር፤ ዕድለኛ መሆኔን ነው የሚያሳየው።

ባለቤቴ ሦስት ነገር አስማለችኝ። ልጆቹን ላልጭን፣ በዝናብና በጨለማ ላልነዳ፣ ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ካለው መንገድ ላልወጣ። ፋርመርስ ብራንች ከዲሴምበር 2010 ጀምሮ ዳርት በሚባለው ድርጅት የሚሠራው የአረንጓዴው መስመር ባቡር ጣቢያ አላት። ከቤቴ 2.5 ማይል ይርቃል። በእግር ቢሄዱት፣ በነሐሴ ሙቀት ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ቢሮ የሚደርሰው ሸሚዙን እየጨመቀ ነው። በስኩተር ግን በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ አቋርጬ አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስኩተሯን ማቆሚያው ላይ እቆልፍና በባቡር ሥራ እገባለሁ። የባቡሩን ትኬት መሥሪያ ቤቴ ይከፍልልኛል።

ሁለቱን ወር በደንብ ጠበቅሁት። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሳለች እንጀራ አለቀብን። ልጆቹ ጎረቤት ጨዋታ ላይ ነበሩ። እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ ከኤልቢጄ ማዶ ነው። “አሥራ አምስት ደቂቃ ናት” አልኩና ወጣሁ።

መንገዱ ስድስት መስመር አለው። ሰሌዳው 40 ይላል፤ መኪኖቹ ግን 50 ይነዳሉ። የእኔ ስኩተር 30 ላይ ያበቃል። እስከ መጨረሻው ብይዛትም ከዚያ አትጨምርም። በስፖኪዮ አንድ ትልቅ ፒክአፕ ሲመጣ አየሁ። ክላክሱን ነፋ፣ እንደገና ነፋ፣ ከዚያም እዚያው መስመሬ ላይ አጠገቤን ታክኮ አለፈኝ። የመኪናው ስፖኪዮ ክርኔን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ንፋሱ ገፍቶኝ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣሁ። እንደምንም ፍሬን ይዤ አንድ ቤንዚን ማደያ ውስጥ ገባሁ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ የሄልሜቱን ማሰሪያ መፍታት አቃተኝ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ታይፔ ነው። እዚያ የትራፊክ መብራት ላይ ከመኪኖቹ ፊት ለስኩተር ብቻ የተሰመረ መቆሚያ አለ። በትልልቅ መንገዶች ወደ ግራ መታጠፍ የሚፈልግ ስኩተር መኪና መሃል አይገባም፤ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሻገራል፤ የተሰመረለት ሳጥን ውስጥ ቆሞ መብራቱን ይጠብቃል። የመኪናው ነጂም ስኩተር እንዳለ ያውቃል፤ ምናልባት እናቱ ትሆናለች። እኔን ሁለት ዓመት ያለ አደጋ ያኖረኝ ያ ሁሉ ነበር። ቴክሳስ ታርጋ ሰጥታኛለች፤ በሕግ ምንም ጥፋት አልነበረብኝም። ያ መንገድ ግን ለእኔ አልተሠራም። ሕግ ፈቀደ ማለት መንገዱ ይቀበላል ማለት አይደለም።

በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየተጠማዘዝኩ ያለ እንጀራ ተመለስኩ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ግን ፊቴን አይታ “ምን ሆነሃል?” ስትለኝ መዋሸት አልቻልኩም። አልጮኸችም። ኮምፒውተሬ ላይ የከፈትኩትን የኤክሴል ሒሳብ አየችና “ይህን የት ላይ ነው የጻፍከው?” አለችኝ።

የትም አልጻፍኩትም ነበር። ቻርጀር ጽፌ ነበር፤ ጎማ ጽፌ ነበር። እሷ ሆስፒታል ሆና ስልኳ በጮኸ ቁጥር የምትደነግጠው ግን ሒሳቤ ውስጥ አልነበረም።

ስኩተሯን ልሸጣት ወሰንኩ። ያስቀረችኝ ራሷ ባለቤቴ ናት። “ጣቢያ ድረስ ያለው መንገድ እኮ ችግር የለውም፤ ችግሩ ከዚያ የወጣህ ቀን ነው” አለች። በማግሥቱ እሑድ ልጆቹን ይዘን በመኪና ሰፈሩን ዞርን። የስምንት ዓመት ልጄ ካርታ ይዛ እያንዳንዱ መንገድ ላይ ያለውን የፍጥነት ሰሌዳ አነበበችልኝ። 30 እና ከዚያ በታች የሚለውን በአረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን በቀይ ቀባችው። ካርታው አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አረንጓዴው ጣቢያውን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና አንድ ግሮሰሪ ይደርሳል። እንጀራው ቀይ ላይ ነው። እንጀራ በመኪና ይመጣል።

አሁን የ2025 መዝገቤን ልንገራችሁ፤ “እኔም ልግዛ?” የምትሉ ትኖራላችሁና። ቢሮ መግባት ከነበረብኝ 192 ቀናት ውስጥ በ37ቱ ስኩተሯን አልነዳሁም። 19 ቀን ዝናብ፣ 8 ቀን ነጎድጓድና ከባድ ንፋስ፣ 4 ቀን በረዶ፣ 6 ቀን ደግሞ ልጆቹን የማደርስበት ነበር። ከእነዚህ በ16ቱ ቀን ታክሲ ጠርቼ 310 ዶላር ከፈልኩ። በቀሩት ባለቤቴ አድርሳኛለች ወይም ከቤት ሠርቻለሁ።

ማስታወቂያው “በአንድ ቻርጅ 50 ማይል” ይላል፤ እኔ ያገኘሁት 35 ነው። ባትሪዋ 2 ኪሎዋት ሰዓት ትይዛለች፤ በእኛ ቤት ሒሳብ አንድ ጊዜ ሲሞላ 30 ሳንቲም ገደማ ነው። የወር የኤሌክትሪክ ወጪዋ 2 ዶላር አይሞላም። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የምታስከፍለው የ200 ዶላር የዓመት ክፍያ ሞፔድን አይመለከትም። ባትሪ ግን ሙቀት አይወድም። በበጋ ነቅዬ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። አንድ ቀን መቀየሩ ስለማይቀር 1,200 ዶላር አስቤለታለሁ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ በአምስት ዓመት 9,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። መኪናው 30,000 ነበር። እርግጥ መኪና ቢሸጥ የተወሰነ ገንዘብ ይመልሳል፤ አምስት ሰውም ከነሻንጣው ይጭናል። ስኩተሯ የምትጭነው እኔንና አንድ ቦርሳ ነው። ቤታችን ሌላ መኪና ባይኖር ኖሮ አልገዛትም ነበር። ባቡሩ ባይኖርም እንዲሁ።

ስለ ባቡሩ ካነሳሁ አይቀር፣ በኖቬምበር 2025 የፋርመርስ ብራንች ምክር ቤት፣ ከተማዋ ከዳርት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ጥያቄ በሜይ 2026 ለነዋሪው ድምፅ እንዲቀርብ ወሰነ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ያየሁት ወደ ጋራዡ ነው። ባቡሩ ከሌለ የ4,596 ዶላሯ ስኩተር የቤተ መጻሕፍት መሄጃ ብቻ ትሆናለች። የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። አሁን አጀንዳውን አነባለሁ።

ወንድሜም የራሱን ሒሳብ ይሠራል። አዲስ አበባ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ከልክላለች፤ እሱ የሚነዳው በፈቃድ ነው። በጃንዋሪ 2024 መንግሥት በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ፣ የእሱ አሠሪ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ዞረ። “ቤንዚን ለመቅዳት መሰለፍ ቀረልኝ፤ አሁን የምፈራው መብራት መጥፋትን ነው” ይለኛል። ለእኔ ስኩተር ቁጠባ ናት፤ ለእሱ እንጀራው ናት። ዝናብ ሲዘንብ እኔ ታክሲ እጠራለሁ፤ እሱ ግን ይነዳል። ይህን ካሰብኩ በኋላ ስለ ጎበዝ ነጂነቴ ማውራት ትቻለሁ።

ለእናቴ ካርታውን በስልክ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አረንጓዴውን በጣቷ ተከተለች። “ይህ ቀዩስ?” አለች። “እዚያ አልሄድም” አልኳት። “ልጅቷ ናት የቀባችው? እሷ ካለች ደኅና” አለችና ስለ ወንድሜ ትጠይቀኝ ጀመር።

በየቀኑ ጣቢያው ስደርስ ለባለቤቴ አንድ ቃል እጽፍላታለሁ፤ “ደረስኩ”። ማታ ከባቡር ወርጄ ቤት ስገባም እንዲሁ። ይህን በኤክሴሉ ላይ ጨምሬዋለሁ። ዋጋው የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ምን ያህል እንደምጽፍ እስካሁን አላወቅሁም።

እናንተም ለመግዛት ካሰባችሁ በመጀመሪያ የምትሄዱበትን መንገድ በመኪና ዙሩና ሰሌዳዎቹን አንብቡ። ቀጥሎ ወረቀቷን ጠይቁ። ዋጋዋን በመጨረሻ ጠይቁ። ቤት የሚጠብቃችሁን ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት።